ጥንድ በሬና አንድ ላም

በጨጎዳ ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ራሱ አይደለም። «ውሃው እንዴት አደረ?» ይባባላል። የሰውየው አዳር፣ የልጆቹ ጤና፣ የጎረቤቱ የወገብ ሕመም ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልሱም አጭር ነው፤ ነጭ፣ አለበለዚያም ቢጫ። ቀይ የሚባል ሦስተኛ መልስ አለ፤ ግን በጨጎዳ አፉን ሞልቶ የሚናገረው የለም። የግድ ከሆነ «ያ ነገር» ብለው ያልፉታል።

ነገሩ የምሰሶው መብራት ነው። ምሰሶው ድልድዩ ሥር፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት ቆሟል። ቁመቱ አንድ ሰው ያህላል፤ ቀን ከሌት ውሃውን ይቀምሳል፤ ንጹሕ ሲሆን ነጭ፣ ሲቆሽሽ ቢጫ ያበራል። ከሐይቁ ሦስት ከተሞች ይጠጣሉ። አንድ ዘመን ሐይቁ አረንጓዴ ቅባት ለብሶ፣ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ፣ ከተሞቹ ስምንት ወር ሙሉ በመኪና የመጣ ውሃ ሲጠጡ ከርመዋል። ያን ያዩ ሽማግሌዎች «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለን ነበር» ይላሉ። ዕቅድ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያለ ዕቅድ ሞፈር የሚያነሳ የለም። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዕቅድ አለው። የትኛው ማሳ መቼ እንደሚታረስ፣ ከወንዙ ዳር ስንት እርምጃ ሣር ሳይነካ እንደሚቆይ፣ ፍግ በየትኛው ቀን ከጉድጓድ ወጥቶ እንደሚበተን ተወስኗል። ዝናብ ሊጥል ሦስት ቀን ሲቀረው ፍግ የነካ እጅ ወዮለት። ከብት በድልድዩ ሲያልፍ ጅራቱ ሥር ከረጢት ይታሰርለታል፤ ሙሽራ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቀው አያጅቧትም። የድግስ እጣቢ ከጎርፍ ጋር እንዳይወርድ በክረምት ድግስ ክልክል ነው፤ ተዝካር እንኳ ጥቅምትን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ሰው ለምዶታል። ልጆች ሲጫወቱ አንዱ ምሰሶ ይሆንና ሌሎቹ እሱን ሳያስቆጡ ያልፋሉ።

ዕቅዱን የሚያወጣው ጠይቄ ነው። ጠይቄ ሰው አይደለም፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ መዳፍ የሚያህል የሚናገር ነገር ነው። ስሙን ያወጣለት መንደሩ ነው፤ ሥራው መጠየቅ ስለሆነ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ይደምራል፣ ያዝዛል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሁሉንም «እርስዎ» ነው የሚለው፣ ገና ጥርስ ያላወጣውን ሕፃን ሳይቀር። ግን እንደ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «አላውቅም» የሚል መልስ አይገባውም። «እግዜር ያውቃል» ቢሉትም ያው ነው፣ ጥያቄውን ይደግመዋል።

አስናቁ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ማሳዋ ከድልድዩ በላይ፣ ወንዙ ዳር ነው፤ ሁለቱ ልጆቿ ከታች ከተማ ይሠራሉ፤ የሚጠጡትም ያንኑ የሐይቅ ውሃ ነው። ዕቅዷን ጥሳ አታውቅም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ሣሩ ላይ ሁለት ትልም አልፎ ቢያርስ፣ «ድንበር ገፊ ሲባል የሰው ድንበር ብቻ መሰለህ? የውሃም ድንበር አለው!» ብላ መንደሩን በጩኸት አስወጥታበታለች። ምሰሶውን ጠዋት ጠዋት የሚያነብ ተረኛ ነበር፤ ተራው የሷ በሆነ ጊዜ ፀሐይ ሳይቀድማት ትወርዳለች።

በዚያ ክረምት ስትወርድ ግን እግሯ ይከብዳት ጀመር። ውሃው ቢጫ ካደረ ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። በሕጉ ሦስት ክረምት ተከታትሎ ቢጫ የሆነ ወንዝ በመስከረም መጨረሻው ንባብ ካልነጻ፣ መንደሩ «ዕረፍት» ይገባል። ዕረፍት ሲሉት ደግ ቃል ይመስላል። ከወንዙ ማዶ ያለችው መንደር፣ እንዶድ ውሃ፣ ዕረፍት ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰዎቿን ወደ ሩቅ አገር ወስደው ፎቅ ላይ አስቀምጠዋቸዋል፤ ቤቶቻቸው ጣሪያ ላይ ሾላ በቅሏል፣ አውድማቸውን ቁጥቋጦ ውጦታል። አስናቁ ምሰሶውን ለማንበብ በወረደች ቁጥር ያቺን መንደር ፊት ለፊቷ ታያታለች። አንድ ጠዋት ብቻዋን ቆማ «ኧረ እኛ ምን አጠፋን?» ብላ አልቅሳለች።

የመስከረሙ ንባብ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ትርሲት መጣች። ትርሲት ከተፋሰሱ ቢሮ የተላከች የዕቅድ መርማሪ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። መርማሪ በእግሩ ጨጎዳ ከገባ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሁሉም ነገር በጠይቄ በኩል ስለሚታወቅ መምጣት አላስፈለገም። ከሰማይ የሚያዩት ዓይኖችም ሰው ግቢ ውስጥ እንዳይመለከቱ በሕግ ታግደዋል። እንዲታገዱ ክስ ያቀረቡት ደግሞ እንደ ጨጎዳ ያሉ መንደሮች ናቸው፤ ከብቱንና ልጁን ባዕድ ዓይን ሲያየው ማን ይወዳል?

ትርሲት ሁለት ቀን ሙሉ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስትዞር ዋለች። በሁለተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ አስናቁ ደጅ መደብ ላይ ዘጭ አለች። አስናቁ እርጎ በትልቅ ዋንጫ አቀረበችላት።

«እትዬ አስናቁ፣ ግራ ገባኝ» አለች ትርሲት። «ጉድጓዱ ልክ ነው። ሣሩ ልክ ነው። የተበተነው ፍግ በኪሎ ሳይቀር ልክ ነው። ሁሉ ልክ ሆኖ ውሃው ልክ ካልሆነ፣ የሚዋሸው ማን ነው?»

«ውሃ አይዋሽም፣ ልጄ።»

«ሰውስ?»

«እኛማ ዕቅዱ ካለው ዝንፍ ብለን አናውቅ! ስምንት ዓመት ሙሉ!»

ይህን ስትል አስናቁ እውነቷን ነበር። ትርሲትም አመነቻት፤ ለዚህም ነበር ይበልጥ የጨነቃት። ዋንጫውን አጋመሰችና ቀና ስትል አስናቁ ደግማ ልትሞላላት የእርጎ ቅሏን ይዛ ቆማለች።

«ይህን ሁሉ እርጎ ከየት ያመጡታል?»

«ጠጪ ዝም ብለሽ። እርጎ ከየት ይመጣል ተብሎ ይጠየቃል?»

በዚህ መካከል ከብቱ ከግጦሽ ገባ። የዕለቱ ተረኛ እረኛ ከመንገድ ሆኖ «በሉ ተረከቡ!» ብሎ አለፈ። አስናቁ ጨው በመዳፏ ይዛ በረቱ በር ላይ ቆመች።

«ዳልቻ! ና የኔ ጌታ። ሻንቆ፣ አንተ ቀማኛ፣ ተራህን ጠብቅ! ቡሬ፣ ቀስ በይ እናቴ፣ ሆድሽ ከብዷል። መጋላ! ወርቂት! አንቺ አደይ፣ ጊደር ሆነሽ ይህን ያህል ዱርዬ፣ ስትወልጂ ምን ልትሆኚ ነው? ነጮ፣ ና አንተም ላስ።»

ትርሲት ዋንጫውን ቀስ ብላ መደቡ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ አስናቁ፣ ስንት ከብት ነው ያለዎት?»

«ጥንድ በሬና አንድ ላም» አለች አስናቁ፣ በሰባት አፍንጫ መካከል እንደቆመች።

ትርሲት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ጨጎዳ አርባ አንድ ቤት ነው። አርባ አንዱም ቤት በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለጠይቄ የሰጠው መልስ ሦስት ነበር። ጠይቄ ደምሮ መቶ ሃያ ሦስት ብሎ መዝግቧል። ቢሮውም በዚህ ተደንቆ ጨጎዳን የእኩልነት አርአያ ብሎ የምስክር ወረቀት ሰጥቷታል፤ ወረቀቱ አሁንም እሷ የምትሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጨጎዳ ከብት አይቆጠርም። የተቆጠረ ከብት ለዓይን የተሰጠ ከብት ነው፤ ስለዚህ ሰው ስለ ከብቱ ሲጠየቅ ሃያም ይኑረው፣ አንድም አይኑረው፣ «ጥንድ በሬና አንድ ላም» ይላል። አያት ቅድመ አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል። ይህ ቁጥር አይደለም፤ እንደ «ደህና ነኝ» ያለ መልስ ነው። ሆዱን እየቆረጠው «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ያለን ሰው ዋሸ የሚለው ማን ነው? የጨጎዳ ሰው ይህን ያውቃል። ጠይቄ አያውቅም።

«ከረጢትስ?» አለች ትርሲት። «በድልድዩ ስታልፉ?»

«የተሰጠን ሦስት ከረጢት ነው። ከረጢት የሌለው ከብት በድልድዩ አይለፍ ይላል ዕቅዱ። እኛም አናሳልፍም።»

«ታዲያ የቀሩት?»

«በታችኛው መሻገሪያ ነዋ፤ በውሃው ውስጥ።»

«ፍጉስ? ጉድጓዱ የተለካው ለሦስት ከብት ነው።»

«የሦስት ከብት እንከታለን። የቀረው ዕቅድ ውስጥ የለም። ያልታዘዝነውን እንዴት አድርገን እንነካለን?» አስናቁ በእጇ ወደ በረቱ ጀርባ አመለከተች። ያልታዘዘው ፍግ እዚያ ተከምሯል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ። መሬቱ ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ክምሩን ከላይ እስከ ታች ጎርፍ ቦርቡሮታል።

አስናቁ ያን ክምር በየቀኑ ታየው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን እንደ ባዕድ አየችው። ጎርፉ የሄደበትን መንገድ በዓይኗ ተከተለች፤ ወንዙ ጋ ደረሰች፤ ምሰሶው ጋ ደረሰች።

«እኔ ነኝ?» አለች። «ልጆቼ የሚጠጡትን ውሃ... እኔ ነኝ?»

«ሁላችሁም ናችሁ» አለች ትርሲት። ከዚያ ድምጿን አለሳለሰች። «እኛም ነን። አርባ አንድ ቤት አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጥ አንድ ሰው እንኳ ወርዶ አላየም።»

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በስሕተት የተመዘገበ ነገር ከንባቡ በፊት ከታረመ ዕቅዱ እንደ አዲስ ይወጣል፤ መንደሩም አንድ ክረምት ይጨመርለታል። ሁሉም ቤት ትክክለኛውን ቁጥር ለጠይቄ መንገር ብቻ ነው ያለበት። ትርሲት ይህን ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። የአስናቁ ፊት ግን አልበራም። የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ሳለች አንድ የቆጠራ ሠራተኛ ግቢያቸው ገብቶ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ ከብቱን ጮክ ብሎ ቆጥሮ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አራት ከብት ወደቀ። የእንስሳት ሐኪሙ በሽታ ነው አለ። አማቷ ጣት ነው አሉ። አስናቁ ሁለቱንም ታምናለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መንደሩ ድልድዩ አጠገብ ተሰበሰበ። ትርሲት ነገሩን አስረዳች። መጀመሪያ የተናገሩት አያ ደርበው ናቸው፤ ሰማንያን ሊደፍኑ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ የመንደሩ አስታራቂ።

«አንቺ ልጅ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከብቴን በጠራራ ፀሐይ ቆጥሬ ለዓይን ላስበላ? መሬቱን ለማትረፍ ከብቱን ከጨረስኩ መሬቱን በምን ላርሰው ነው?»

«ልክ ናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው ደግሞ «እንዶድ ውሃዎችም እንዲሁ ሲሉ ነበር የተነሱት» አለ። ሁሉም ወደ ማዶ፣ ሾላ ወደበቀለበት ጣሪያ ዞሮ አየ፤ ግን ለመቁጠር የደፈረ አልነበረም። ትርሲት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። «ሰባት ቀን ነው የቀራችሁ! ስምንተኛው ቀን መኪና ነው የሚመጣው!» አለች።

አስናቁ እጇን አነሳች።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጠይቄ የግድ ስንት ማለት አለበት?»

«ማለት?»

«ሰው ቤት ሄደሽ ስንት ልጅ አላችሁ አትዪም፤ ነውር ነው። ማን ማን አሉ ነው የሚባለው። ያን ጊዜ እናት የልጆቿን ስም ትጠራለች፣ ደስም ይላታል። ቁጥር ጣት ነው። ስም ግን ምርቃት ነው። እኔ ከብቴን ማታ ማታ እየጠራሁ ነው ጨው የማስልሰው፤ እስከ ዛሬ በስሙ በመጠራቱ የሞተብኝ የለም። አያ ደርበው፣ እርስዎስ በስም አይጠሩም?»

አያ ደርበው ጥቂት አሰቡ። «እጠራለሁ» አሉ። «የማልጠራውማ ምን ከብት ነው!»

ትርሲት ከቢሮ ይዛው የመጣችውን ጠይቄ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ከድልድዩ ወዲያ ሄዳ ግማሽ ሰዓት ተከራከረችው። «ቁጥር ያስፈልገኛል» ይላል። «አንተው ትቆጥራለህ፣ እነሱን ቁጠሩ አትበላቸው» ትለዋለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚሉት ዓይነት ክርክር ነበር። በመጨረሻ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ እየሳቀች ተመለሰች። ጠይቄም በዚያ ለስላሳ ድምፁ እንዲህ አለ፦

«እትዬ አስናቁ፣ ማን ማን አሉ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስናቁ ነጠላዋን አስተካክላ ጠራች፤ ዳልቻ፣ ሻንቆ፣ ቡሬ፣ መጋላ፣ ወርቂት፣ አደይ፣ ነጮ። ቀጥሎ ጎረቤቷ ጠራ። ቀጥሎ የጎረቤቷ ጎረቤት። እየቆየ ነገሩ ሰርግ መሰለ፤ በሬውን የሚያወድስ፣ ላሟን የሚመርቅ፣ ስሙን ጠርቶ እንባ የሚተናነቀው። አያ ደርበው መጨረሻ ላይ ከዘራቸውን ተክለው እንደ ፎካሪ ጀመሩና አሥራ ዘጠኝ ስም ጠሩ።

«አያ ደርበው!» አለ መንደሩ በአንድ አፍ። አርባ ዓመት ሙሉ ጥንድ በሬና አንድ ላም ሲሉ የሰማቸው ሁሉ አፉን ይዞ ቀረ። ሽማግሌውም እንደ ልጅ አፈሩ።

ሲጨርሱ ጠይቄ ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ስም ይዞ ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ትርሲት አስጠንቅቃዋለች። ንባቡ ለአንድ ክረምት ተራዘመ። የዚያን ቀን በጨጎዳ ያልጨፈረ አልነበረም፤ ትርሲትንም ተሸክመው ድልድዩን አሻገሯት።

አዲሱ ዕቅድ በሦስተኛው ቀን ወጣ። አስናቁ ቤቷ ውስጥ፣ ከግድግዳው ፊት ቆማ ሰማችው። የተከመረው ፍግ በጋውን ወደ ላይኛው ማሳ ይጓዛል። ጉድጓዱ በድንጋይ ይገነባል። የታችኛው መሻገሪያ ይታጠራል። እስከዚህ ድረስ እሺ ትል ነበር። ከዚያ ጠይቄ ወንዙ የሚችለውን ተናገረ፤ ጨጎዳ ወንዝ ሳይቆሽሽ የሚሸከመው መቶ ሃያ ስምንት ከብት ነው። አምስቱ የመንደሩ ኮርማዎች ይሆናሉ። የቀረው ለአርባ አንድ ቤት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሦስት ይደርሳል። ትርፉ ወደ ደጋው የጋራ ሜዳ ይወጣል፤ እዚያ ሣርም ጠባቂም አለ፤ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

«እትዬ አስናቁ» አለ ጠይቄ፣ እንዳስተማሩት። «የሚቀሩትን ይጥሩልኝ።»

ቁጥር ቢሆን ኖሮ አስናቁ አራት ቀንስ ብላ ትገላገል ነበር። ራሷ ናት ስም አስይዛ የሰጠችው። ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። «አንተ ቀለብላባ፣ ምን አለ እንደ ድሮው ስንት ብትል!» ብላ ግድግዳውን ተቆጣች።

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

«ዳልቻ» አለች። «ሻንቆ።» ያለ ጥንድ በሬ እርሻ የለም፤ ይህ ቀላሉ ነበር። ከዚያ ወደ በረቱ ወጣች። መጋላ ወተቷ የሞላ ናት። ቡሬ ግን የእናቷ ላም የልጅ ልጅ ናት፤ ሆዷም ገፍቷል፣ ያን ዳገት አትችለውም። አንገቷን አቅፋ ብዙ ቆመች። «ቡሬ» አለች በመጨረሻ፤ ለጠይቄ ሳይሆን ለላሚቱ። ጠይቄ ግን ከቤት ሆኖ ሰማ፤ «ተመዝግቧል፣ አመሰግናለሁ» አለ።

በጥቅምት አራቱን ራሷ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኘቻቸው፤ ጨው አስላሰቻቸው። አደይ እንደ ልማዷ ከመንገድ ወጣች፤ ነጮ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። ቡሬ በታኅሣሥ ወይፈን ወለደች፤ እሱም ጡት ሲተው የእነሱን መንገድ ሄደ።

ዓመቱ ዞረ። በመስከረም መጨረሻ፣ በንባቡ ማግስት፣ ተራው የአስናቁ ነበር። ስትወርድ ጭጋጉ ገና ከወንዙ አልተነሳም። ምሰሶው አናት ላይ ያለው መብራት ነጭ ነበር፤ ለሃያኛ ቀን ነጭ። ከሥሩ ያለው ውሃ ጠጠሩን ያሳያል። ልጆቿን አሰበች፤ ደስ አላት፤ ደስታው እውነተኛ ነበር። ማዶ ያለችውን መንደር ሳታይ ዞራ ወጣች።

መንገድ ላይ አያ ደርበው ከዘራቸውን ተደግፈው ሲወርዱ አገኘቻቸው።

«ውሃው እንዴት አደረ?»

«ነጭ ነው፣ አያ ደርበው።»

«ተመስገን። አንቺስ? ወገብሽስ? ልጆቹስ?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ከብቱስ?» አሉ እንደ ወጉ።

አስናቁ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችውን ልትል አፏን ከፈተች። ዘንድሮ ግን ነገሩ ወግ አልነበረም፤ ቁጥር ሆኗል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ጥንድ በሬና አንድ ላም» አለች።

አያ ደርበው ከዘራቸውን መሬት ለመሬት ጎተት አደረጉና ወደ ወንዙ አዩ።

«እኛም ቤት እንዲሁ» አሉ።